የሉዊዛ 4 ዶላር


ዛሬ ስለ አሜሪካዊቷ ደራሲ ሉዊዛ ሜይ አልኮት ልጅነት እንነግራችኋለን። በ1832 እ.ኤ.አ. ፔንሲልቬኒያ ተወለደች። አባቷ ትልቅ አሳቢ ቢሆኑም ገንዘብ አይበረክትላቸውም ነበር፤ በ1843 ከወዳጃቸው ጋር ያቋቋሙት የኅብረት እርሻ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። አራት ሴት ልጆች ይዘው ኑሮን የተሸከሙት እናቷ ነበሩ። ሁለተኛዋ ልጅ ሉዊዛ እናቷን ለማገዝ ልብስ ሰፋች፣ አስተማረች፤ በ18 ዓመቷ ሰው ቤት ተቀጥራ ለሰባት ሳምንት ድካሟ 4 ዶላር ተከፈላት። ገቢዋን ግን በየዓመቱ በማስታወሻዋ ትመዘግብ ነበር። በኋላ፣ በ1868 መታተም የጀመረው «ሊትል ዊሜን» የቤተሰቡን ዕዳ ከፈለ።

ሒሳብ ለያዝን ለእኛ ትምህርቱ ገቢዋን በየዓመቱ መመዝገቧ ነው። እኛም ያገኘናትን ሳንቲም ሁሉ እንመዝግብ፤ ያልተጻፈ ድካም ይረሳል።