ስለሚወረሰው የእጅ መንቀጥቀጥ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣንበት ጉዳይ ተስቦ ወይም ወባ አይደለም፤ ሰው የሚገድል በሽታም አይደለም። ምናልባት ስለዚህ ይሆናል በአደባባይ የሚናገርለት ሰው የታጣው። ነገሩ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው፤ ይኸውም ከአባት ወይም ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውና ሐኪሞች «ኢሴንሻል ትሬመር» የሚሉት ዓይነት ነው። እኛ ስንል ይህን ነገር በቤታችን የምናውቀው ማለታችን ነው፤ ከአያታችን ጀምሮ እስከ ታናሽ እኅታችን ድረስ በሦስት ትውልድ ሰባት ሰዎች ነን። ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን ያነበብነውንና ሐኪሞችን ጠይቀን የተረዳነውን ብንነግራችሁ፣ በየጓዳው ከሚወራብን የተሻለ ይሆናል ብለን አሰብን።

«ኢሴንሻል» የተባለው ቃል በሕክምና ቋንቋ «አስፈላጊ» ማለት አይደለም። ሐኪሞች የአንድን ሕመም ምክንያት ፈልገው ሲያጡት የሚሰጡት የክብር ስም ነው፤ «ከራሱ በቀር ሌላ መነሻ ያልተገኘለት» እንደ ማለት ነው። በቤተሰብ እንደሚተላለፍ ግን ከታወቀ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በኋላም ዓመቱን የምንጠራው በዚያው ነው) በ1887 የኒው ዮርኩ ሐኪም ቻርልስ ዴና በአንዳንድ ቤቶች ከትውልድ ወደ ትውልድ ስለሚሄድ መንቀጥቀጥ ጻፈ። በ1960 ደግሞ ላርሶንና ሾግረን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሰሜን ስዊድን የሚኖሩ ቤተሰቦችን ተከታትለው ውርሱ በምን ሥርዓት እንደሚሄድ አሳተሙ። ሚኖር የተባለ የሩሲያ ሐኪም፣ መንቀጥቀጥ ያለባቸው ቤተሰቦች ዕድሜያቸው የረዘመ፣ ልጆቻቸውም የበዙ ናቸው ብሎ ነበር። አያታችን ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር፤ የሚያሳዝነው ግን የሚኖር አሳብ እንደ ሕግ ሆኖ አልጸናም።

አሁን ወደ እጃችን እንመለስ። እጃችን ጭናችን ላይ ሲያርፍ ጸጥ ይላል። ስኒ ስናነሣ፣ እስክሪብቶ ስንይዝ፣ ቁልፍ ወደ ቀዳዳው ስናስጠጋ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ በሴኮንድ ከ4 እስከ 12 ጊዜ ይወዛወዛል። በአንዳንዶቹ ላይ ራስን «አዎን፣ አዎን» ወይም «አይደለም፣ አይደለም» የሚል አስመስሎ ይነቀንቃል። ድምፅንም ይይዛል፤ አክስታችን ለሰላምታ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ እንግዳ ሰው የሚያለቅሱ እየመሰለው ያጽናናቸዋል።

ብዙ ሰው ይህን ከፓርኪንሰን በሽታ ጋር ያቀላቅለዋል። የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 የገለጸው ሕመም በአመዛኙ እጅ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የሚያንቀጠቅጥ ነው፤ ከዚያም በላይ አካልን ያዘገያል፣ ጡንቻን ያደርቃል፣ የእጅ ጽሕፈትንም እየቀነሰ እየቀነሰ ጥቃቅን ያደርገዋል። የእኛ ጽሕፈት ግን አያንስም፤ ትልቅ ሆኖ ይወላገዳል። ሐኪም ወረቀት ሰጥቶ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠመዘዘ የሚሰፋ መስመር ሳሉ ቢላችሁ፣ የሚፈልገው ይህንኑ ልዩነት ነው። ከእንቅርት ዕጢ መብዛት ወይም ከአንዳንድ መድኃኒቶች የሚመጣ መንቀጥቀጥም ስላለ፣ አስቀድሞ እርሱን መመርመር ይገባል። በደም ምርመራ «ይህ ኢሴንሻል ትሬመር ነው» የሚባልበት መንገድ የለም፤ የሐኪሙ ዓይንና ጥያቄ ነው የሚለየው።

ከየት ይነሣል? እስካሁን በተደረሰበት ዕውቀት፣ ከራስ ቅላችን በስተኋላ ያለው ትንሹ አንጎል፣ ታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍልና እንቅስቃሴን የሚያዝዘው የላይኛው አንጎል እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት መሥመር አለ፤ በዚህ መሥመር ውስጥ የማይፈለግ ምት ይገባና ወደ ጡንቻ ይወርዳል። እንግዲህ ነገሩ የፈሪነት ወይም የነርቭ ድካም አይደለም። ሰው ሲያየን፣ ስንቸኩል፣ ስንራብ፣ እንቅልፍ ስናጣ ግን ይብሳል። የፈተና ሌሊት በቡናና በጫት የምታነጉ ጓደኞቻችን ሆይ፤ እናንተን ያነቃችሁ ቡና በማግሥቱ የእኛን ፊደል የማይነበብ ያደርገዋል።

ስለ ውርሱ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል። በብዙ ቤተሰቦች ውስጥ ከወላጆቹ አንዱ ይህ ነገር ካለበት፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። ይህ ማለት ከአራት ልጆች ሁለቱ የግድ ይይዛቸዋል ማለት አይደለም፤ ሳንቲሙ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ይወረወራል። እኛ ቤት ከአምስት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ለአራቱ ወጥቷል። ወንድ ሴት አይልም። አንዳንዱ በ15 ዓመቱ ይጀምረዋል፤ አንዳንዱ በ60 ዓመቱ፤ ቤተሰቡ ውስጥ ማንም የሌለበት ሰውም አለ። በ1997 በአይስላንድ ቤተሰቦች ላይ ሦስተኛው ክሮሞሶም፣ በአሜሪካ ቤተሰቦች ላይ ደግሞ ሁለተኛው ክሮሞሶም ተጠርጥረው ነበር፤ ሆኖም ለሁሉም ተጠያቂ የሚሆን አንድ ጂን እስካሁን አልተያዘም። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉት ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ከሆነው መካከል ከመቶው 4 ወይም 5 ያህሉ ይህ መንቀጥቀጥ አለባቸው። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለ አያት ወይም አጎት ሳይኖራችሁ አይቀርም።

አያታችን ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በመቃ ብርዕ የሚጽፉ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 50 ሲሞላ መስመሩ እንቢ አላቸው። መንደሩ ሁለት ምክንያት አገኘላቸው። ግማሹ «ዓይን ነው፤ በጽሕፈቱ የቀኑ ሰዎች ናቸው» አለ፤ ግማሹ «መጠጥ ነው» አለ። እርሳቸውም መቃውን ሰቅለው ንባብ ማስተማር ያዙ።

መጠጥ የተባለው ነገር በጥቂቱ መብራራት አለበት። ጠጪ የሆነ ሰው መጠጡን ያቋረጠ ጊዜ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ እውነት ነው፤ መንደርተኛው ያን አይቶ መፍረዱ ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። በእኛ ላይ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ከብዙዎቻችን ላይ አንድ ብርሌ ጠጅ ወይም አንድ መለኪያ አረቄ መንቀጥቀጡን ለጥቂት ሰዓት ያበርደዋል። ሳንጠጣ የሰከርን እንመስላለን፤ ስንጠጣ ጨዋ እንመስላለን። ከዚያ አረቄው ሲወጣ መንቀጥቀጡ ብሶ ይመለሳል፤ ብሶ ስለ ተመለሰም ሰውየው ሌላ መለኪያ ያሰኘዋል። አንድ አጎታችን የጀመሩት ሠርግ ላይ እጅ ለማስታጠብ ብለው ነበር፤ እንዳይፈስባቸው አንድ መለኪያ፤ በኋላ ለፊርማ፤ በኋላ ለጠዋት ቡና። ስለዚህ «ይረዳል» የሚለውን እውነት ስንነግራችሁ የአጎታችንንም መጨረሻ አብረን መናገር አለብን፤ የሞቱት በእጃቸው ሳይሆን በጉበታቸው ነው።

መድኃኒት አለ፤ የሚፈውስ ግን የለም። ፕሮፕራኖሎል የተባለውን ጄምስ ብላክ በ1960ዎቹ ለልብ ብሎ ያገኘው ነው፤ ብዙዎችን ይረዳል፣ ሁሉንም አይረዳም። አስም ያለበት ሰው ሊወስደው አይገባም፤ የጀመረውም በድንገት ማቋረጥ የለበትም። ፕሪሚዶን የተባለው ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ በጥቂቱ ካልተጀመረ ያዞራል። ለጸናባቸው በ1987 በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ከተማ ቤናቢድና ባልደረቦቹ ታላመስ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አግብተው በኤሌክትሪክ ምቱን ማብረድ ጀመሩ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የራስ ቅል ሳይከፈት በድምፅ ሞገድ የሚደረገው ሕክምና በአሜሪካ ተፈቅዷል። እነዚህ ሁለቱ ከእኛ ኪስ የራቁ ናቸው።

ለዕለት ኑሮ የሚረባን ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። ስኒ ሳይሆን ከበድ ያለ ኩባያ፣ እርሱም እስከ ግማሹ ብቻ የተሞላ፤ ክርንን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ መጻፍ፤ ወፍራም እስክሪብቶ። ሾርባ ጠላታችን ነው፤ እንጀራ ወዳጃችን ነው። ጉርሻ ግን ከእኛ የሚቀበል ሰው አፉን ሰፋ አድርጎ ይክፈት።

ካተሪን ሄፕበርን የተባለችው አሜሪካዊት ተዋናይ ራሷና ድምፅዋ እየተንቀጠቀጡ እስከ እርጅናዋ ድረስ በሲኒማ ሠርታለች፤ ይህም ከአያቷ የወረሰችው መሆኑን በግልጽ ተናግራለች። በ1776 የአሜሪካን ነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ ሳሙኤል አዳምስም በመጨረሻ ዘመኑ እጁ እንቢ ብሎት ደብዳቤውን ሌላ ሰው ይጽፍለት ነበር።

እኛ ግን ገና ተማሪዎች ነን፤ ደብዳቤ የሚጽፍልን የለም። በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከእኛ አንዱ ፈሳሽ በጠባብ ብልቃጥ ሲቀዳ መምህሩ «ትናንት ማታ ምን ጠጥተህ ነው?» ብሎ በክፍሉ ሁሉ ፊት ጠየቀው። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ የዚያን ሳምንት ትምህርቱን ሊለውጥ ማመልከቻ ጻፈ፤ ለመጻፍም ሦስት ወረቀት አበላሸ። ጠላት ሆኖ አይደለም መምህሩ የጠየቀው፤ የሚያውቀው አንድ ምክንያት ብቻ ስለ ሆነ ነው።

ስለዚህ ማኅበሩ ለመምህራን ጉባኤ የሚያቀርበው ማመልከቻ ተዘጋጅቷል። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ የሐኪም ወረቀት ላለው ተማሪ በጽሑፍ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጠው፣ የሚችል ከሆነ በኮምፒዩተር እንዲጽፍ እንዲፈቀድለት፣ በቤተ ሙከራም የሚቀዳውን ጓደኛው ቀድቶለት እርሱ በአሳቡና በስሌቱ እንዲፈተን። ነጥብ ጨምሩልን አላልንም። ማመልከቻው በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የተስማማችሁ እየወጣችሁ ፈርሙ። የተወላገደ ፊርማም ይቆጠራል።