ፊደል አልገባ ያለው ልጅና እኛ

(በመሐል ሜዳ ለተሰበሰቡ መምህራን ከተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የመማር እክልና የኅብረተሰቡ አመለካከት» የሚል ነው። ርእሱን የመረጡት ወገኖች አስበውበታል፤ ሆኖም «የኅብረተሰቡ» የምትለዋን ቃል አንሥቼ በምትኩ «የእኛ» ብል ይፈቅዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ ኅብረተሰብ አመለካከት በተነገረ ቍጥር መምህሩ ከዳር ቆሞ የሚታዘብ ይመስላልና። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በመንዝም ሆነ በግሼ፣ በመርሐቤቴም ቢሆን፣ አንድ ልጅ «ትምህርት የማይገባው» መሆኑ የሚታወጀው በገበያ ወይም በደጀ ሰላም ሳይሆን በክፍል ውስጥ ነው፤ ዐዋጁንም የሚያስነግረው መምህሩ ነው። አባት ልጁን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ወደ በጎቹ ሲመልሰው፣ በአብዛኛው የሚፈጽመው እኛ የፈረድነውን ፍርድ ነው።

አስቀድሜ ስለ ስያሜ ጥቂት ልበል። ቋንቋችን አእምሮው ለዘገየ ሰው ያወጣው ስም እጅግ ብዙ ነው፤ ሞኝ፣ ቂል፣ ጅል፣ ደነዝ፣ ደደብ እያልን ብንቈጥር ቀኑ ይመሻል። በጽሕፈት ቤትና በመጽሐፍ ዘንድ ለረጅም ዘመን «የአእምሮ ዘገምተኛ» ሲባል ኖረ፤ ዛሬ «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት» የሚለው ተተክቶበታል። ስሙ መለወጡ ደግ ነው። ነገር ግን በአንድ ስም ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ጨምሮ የማሰር ልማዳችን አልተለወጠም። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ማለት ነገርን የመረዳት፣ የማመዛዘንና ራስን ችሎ የዕለት ኑሮን የመምራት ችሎታ ከልጅነት ጀምሮ በጠቅላላው ሲወሰን ነው። የመማር እክል የምንለው ግን ሌላ ነው፤ የልጁ ማስተዋል እንደ እኩዮቹ ሆኖ ሳለ ንባብ፣ ጽሕፈት ወይም ሒሳብ ብቻ ተለይቶ ሲያስቸግረው ነው። የንባቡን ችግር ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን እ.ኤ.አ. በ1887 «ዲስሌክሲያ» ብሎ ሰየመው። «የመማር እክል» የሚለውን ስያሜ ደግሞ አሜሪካዊው ሳሙኤል ከርክ በ1963 በቺካጎ ለተሰበሰቡ ወላጆች ባደረገው ንግግር አስተዋወቀ። ልብ በሉ፤ ስያሜው የታወቀው ለሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን ልጆቻቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ላጡ እናቶችና አባቶች በተደረገ ንግግር ነው።

ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ዓይነት ልጅ አለ፤ በአገራችን ብዙው እርሱ ነው። ይኸውም ምንም እክል የሌለበት፣ ነገር ግን ያልተማረ ልጅ ነው። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከሦስት ልጆች አንዱ የአእምሮ እክል አለበት የሚል ሰው ካለ ይነሣ! ሲሶው ሳያነብ ሲቀር የታመመው ትምህርቱ ነው። ችግሩም በዚህ አያበቃም፤ በዚያ ብዛት ባለው ሕዝብ መካከል እውነተኛው የመማር እክል ያለበት ልጅ ተሸሽጎ ይቀራልና። ሁሉም የማያነብ በሆነበት ክፍል ማንም አይፈልገውም። ለብዙ ዓመታት እንደተሠራበት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለ ፈተና ሲያልፍ ይኖርና፣ አራተኛ ክፍል ሲደርስ በድንገት «ደደብ» ሆኖ ይገኛል።

ፊደላችንን ራሱን እንመልከት። ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ። ፊደሉ በቀለም በቀለም የተከፈለ በመሆኑ ለሕፃን ጆሮ ከላቲኑ ይቀላል የሚሉ አሉ፤ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ለዓይን ሸክም ነው። «ሰ» በራሷ ላይ ሰረዝ ስትደፋ «ሸ»፣ «ተ» ስትደፋ «ቸ»፣ «ነ» ስትደፋ «ኘ» ትሆናለች፤ ካዕቡና ሣልሱ በቅጥያ ሲለዩ ሳድሱ ግን ሥርዐት አልባ ነው። በዚህ ላይ ሃሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ» በአማርኛ አንድ ድምፅ ይዘው ሦስት መልክ አላቸው። እኔ የንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» ለይቶ መጻፍን ከሚወዱት ወገን ነኝ፤ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ግን በዚህ ምክንያት ማርክ አልቀንስም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ፊደላችን የማያሳየው ነገር ነው። «ይበላል» የሚለውን በሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ ላልቶ ሲነበብ ሰውየው እንጀራውን ይበላል፣ ጠብቆ ሲነበብ ራሱ እንጀራው ይበላል። ደኅና አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ያውቀዋል። እያንዳንዱን ፊደል በጭንቅ የሚለቅመው ልጅ ግን ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል፤ ስለዚህ ጮክ ብሎ ሲያነብ ይሳሳታል፣ ክፍሉም ይሥቅበታል። ከሦስት እንዲህ ካለ ሣቅ በኋላ ልጁ አያነብም። በእኛ መዝገብ ግን «ሰነፍ» ተብሎ ይጻፋል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ሦስት ሺህ ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ፣ በዚህ ውርጭ፣ ኑሮው የገብስና የበግ ነው። በግ መጠበቅ፣ እበት መልቀም፣ ለባናው ፀጉር ማባዘትና መፍተል ፊደል አይጠይቅም። አእምሮው የዘገየ ልጅ በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ ነበረው፤ አሁንም አለው። ይህን አይተው አንዳንዶች «የገጠሩ ሕዝብ ሁሉን አቃፊ ነው፣ ችግሩን ያመጣው ትምህርት ቤት ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። እውነት የሚሆነው፣ ቀለል ያለ ውስንነት ያለበት ልጅ ትምህርት ቤት ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ በሰፈሩ ማንም ልዩ ነው ብሎ ስለማያየው ነው። ሌላው ግማሽ ግን ይህ ነው፤ ያ እረኛ ዐርባ ዓመት ሲሞላውም እረኛ ነው። የበጉን ዋጋ ሌላው ይቀበልለታል፤ ሚስት አይታጭለትም፤ መሬት ሲከፋፈል ድርሻው ከወንድሙ ጋር ተደርቦ ይቀራል። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ከቤት አትወጣም፤ በሯን አልፎ የገባ ሰው ቢበድላት እንኳ ቃሏ አይታመንም። ይህ ማቀፍ ከሆነ ብርቱ ማቀፍ አይደለም።

የቤተ ክህነቱ ትምህርት ቤት በዚህ ነገር የሚያስተምረን አለው። በየኔታ ደጅ ሁሉም በየራሱ እርምጃ ይሄድ ነበር። ልጁ በስንደዶ እየጠቈመ መጀመሪያ በቍጥር፣ ከዚያ በግእዝ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ አንዱን ምዕራፍ ደጋግሞ ይወጣዋል፤ ዓይኑ፣ ጣቱ፣ አፉና ጆሮው በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ የቀደመው ታላቅ ልጅ የኋለኛውን ያስቀጽላል። ዛሬ ለንባብ እክል መድኃኒት ተብሎ በውጭ አገር የሚመከረው ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። አርጩሜው ሲቀር ማለቴ ነው። ዐይነ ስውራንም በዚያ ሥርዐት የከበረ ስፍራ አግኝተዋል፤ ቅኔውና ዜማው በቃል የሚያዝ ስለሆነ ከእነርሱ መካከል ስማቸው የገነነ መምህራን ወጥተዋል። ሥራ ስለተገኘላቸው ክብር ተገኘላቸው። አእምሮው ለዘገየው ግን ያው ሥርዐት ሥራ አልፈለገለትም። ዘመናዊው ትምህርትም በዚሁ መንገድ ሄደ፤ ለዐይነ ስውራን ሰበታ፣ መስማት ለተሳናቸው መካኒሳ ሲሠራላቸው፣ አእምሮው የዘገየው ልጅ ብዙ ዘመን ጠበቀ።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ አመለካከት አላመለጠም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 339 ላይ አእምሮው ሳይጐለምስ የቀረውን ሰው፣ የአእምሮ በሽተኛውንና በእርጅና የጃጀውን በአንድነት ከዕብድ ወገን ይመድባቸዋል፤ ቀጥሎም ደካማ አእምሮ ያላቸውን ከሰካራሙና ከገንዘብ አባካኙ ጋር ያሰልፋቸዋል። የዘገየ ልጅ ከሰካራም ጋር ምን አገናኘው? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጕዳተኞችን እንዲያቋቁም ያዝዛል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጕዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች፤ በዚያም በአንቀጽ 24 ከእነርሱ ማንም ከጠቅላላው ትምህርት እንዳይገለል ተደንግጓል። እንግዲህ የዛሬው መምህር በእነዚህ በተራራቁ ቃላት መካከል ቆሟል።

ስለ ምክንያቱ ሲጠየቅ ሰዉ የሚመልሰው እርግማን፣ ቡዳ፣ የእግዚአብሔር ቍጣ፣ የእናት ኀጢአት ነው። ወደ ጠበል የሚሄደውን ወላጅ አልነቅፍም፤ ጠበሉ ዘንድ ቢያንስ እናቲቱ ልጇን ከቤት አውጥታ በሰው ፊት ይዛው ቆማለች። የምነቅፈው ልጁን የሚያስደብቀውን ኀፍረት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የታወቀና የሚከላከሉት ነገር ነው፤ ምጥ ሲረዝም አየር ያጣ ሕፃን፣ ማጅራት ገትር፣ በቈላው በኩል ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባ። ከሁሉ ይልቅ በደጋችን ላይ አዮዲን አለ። አፈሩ በዝናብ የታጠበ ደጋ አዮዲን ያጥረዋል፤ እናት በእርግዝና ጊዜ ሳታገኘው ስትቀር የፅንሱ አንጎል ይጐዳል፤ በአንገቷ ላይ የሚታየው እንቅርት የነገሩ ምልክት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉት ልጆች ከመቶ ዐርባ ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ የታዘዘው በ2003 ዓ.ም. ነው። አያቶቻችን «የዚያ ቤት ዘር» እያሉ ሲያሙት የኖሩት ቤት ምናልባት የጐደለው ቍንጥር ጨው ነበር።

እናት የምትችለውን በአንዲት ሴት ታሪክ ላሳያችሁ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የከፈቱ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ አእምሮና ጠባይን በልዩ መንገድ የሚያሳድግ እክል ነው። የሚቀበልላቸው ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የተባለውን በአገራችን የመጀመሪያውን የኦቲዝም ማእከል አቋቋሙ፤ አቡጊዳ ፎነቲክስ ያሉትንም የድምፅና የፊደል ማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። በ2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ ልጃቸውን በአደባባይ ስሙን ጠርተው ማሳየታቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ደብቀው የኖሩ ብዙ ወላጆች በር አንኳኩተዋል። ነገር ግን ይህ በአዲስ አበባ የሆነ ነው። የመሐል ሜዳ እናት የምታንኳኳው በር የእናንተ ብቻ ነው፤ እርሱም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ብዙ ቦታ ተዘግቶ ቈይቷል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ስለነዚህ ልጆች በተነገረ ቍጥር «የተሰወረ ልዩ ተሰጥኦ አላቸው» ማለት ተለምዷል። በግ ሁሉ በመልኩ ለይቶ የሚያውቅ፣ ስድሳውን በዓይኑ ቃኝቶ አንዲት ብትጐድል የሚናገር ልጅ አይቻለሁ፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ምንም ልዩ ተሰጥኦ የሌለው ልጅም አለ። የመማር መብቱ ተሰጥኦ እስኪገኝለት መጠበቅ የለበትም። ቋንቋችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲል በሞኙ ይሣቃል፤ ያው ቋንቋ «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ሲል ደግሞ መዘግየትን ያመሰግናል። የመንዝ ሰው በቄሮ ሥርዐት የጓሳን ሣር ሦስትም አምስትም ዓመት ዘግቶ እስኪያድግ መጠበቅ ያውቅበታል። ለአንድ ልጅ ሁለት ዓመት መጠበቅ ለምን ያቅተናል?

ስድሳና ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይቻላል ትሉኛላችሁ። ሁሉ አይቻልም፤ ጥቂት ግን ይቻላል። በመጀመሪያ ልጁ ያያልን? ይሰማልን? ትራኮማ በበዛበት ክልል፣ ጆሮው የሚመግል ልጅ በሞላበት ክፍል፣ «አይገባውም» ከማለት በፊት ከኋላው ቆሞ በሹክሹክታ ስሙን መጥራት ገንዘብ አይፈጅም። ቀጥሎ፣ በክፍሉ ፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብ አታስገድዱት፤ ከሚያነብ ጓደኛው ጋር አጣምሩትና እንደ የኔታ ተማሪ አንዱን ገጽ ይደጋግም። በቃል የሚያውቀውን በቃል ጠይቁት።

ለማኅበራችን የማቀርበው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው። በመዝገባችን ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ስም አጠገብ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ በብዙው ላይ «በራሱ ፈቃድ» ወይም «ትምህርት ስላልገባው» ተብሎ ይገኛል። ከመስከረም ጀምሮ በዚያ ቦታ ልጁ ከመሄዱ በፊት ምን እንደተሞከረለት፣ በማን እንደተሞከረና ስንት ሳምንት እንደተሞከረ ይጻፍ። ምንም ካልተሞከረም «ምንም» ተብሎ ይጻፍና በሰኔ ስንሰበሰብ መዝገቡን ይዘን እንምጣ።