ዲቪዲ ድራይቭ ለአዲሱ ኮምፒውተር

እሷ፦ ኮምፒውተር ራሳችሁ ለምትገጣጥሙ አድማጮች፣ ዛሬ ስለ ዲቪዲ ድራይቭ ነው የምናወራው።

እሱ፦ አሁንም የሚፈልገው አለ እንዴ? ሁሉም በፍላሽ ሆኗል እኮ።

እሷ፦ አለ እንጂ! የሠርግ ቪዲዮው በዲቪዲ ብቻ የቀረ ስንት ቤተሰብ አለ።

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ከምን እንጀምር?

እሷ፦ ከኬዙ። ፊት ለፊቱ ባለ 5.25 ኢንች ማስገቢያ አለው ወይ? ብዙዎቹ አዳዲስ ኬዞች የላቸውም።

እሱ፦ ካለው ግን አለቀ፣ አይደል?

እሷ፦ ኧረ አላለቀም! የድሮው ድራይቭ ሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ ያለው አይዲኢ ነው፤ የዛሬ ማዘርቦርድ የሚቀበለው ሳታ ነው። ገመዱም ሁለት ነው፦ ጠባቡ ለዳታ፣ ሰፋ ያለው ከፓወር ሰፕላዩ።

እሱ፦ አንድ ልጨምር። አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ኤም.2 ኤስኤስዲ ሲሰካ ከሳታ ወደቦቹ አንዱ ሥራ ያቆማል። «ድራይቩ ተበላሸ» ብሎ ሱቅ ከመመለስ በፊት ማኑዋሉን ማየት ነው።

እሷ፦ በጣም! ብሉሬይስ?

እሱ፦ ባለ አንድ ንብርብሩ ዲስክ 25 ጊጋባይት ይይዛል፣ ዲቪዲው 4.7። ለሠርግ ቪዲዮ ግን ትርፍ ወጪ ነው።

እሷ፦ ፊልም ለሚሰበስብ ሰው ትርፍ አይደለም።

እሱ፦ ለእሱ እሺ። ኬዙ ማስገቢያ ከሌለው ግን በዩኤስቢ የሚሰካው ይበቃል፤ ኬዝ መቀየር የለበትም።