ከመነሣት በፊት፦ ወደ ሴሬንጌቲና ወደ ማሳይ ማራ ለሚጓዝ መንገደኛ



“ሳፋሪ” በስዋሂሊ ጉዞ ማለት ነው፤ ቃሉም ከዐረብኛ የመጣ ነው። ስለ ሳፋሪ ሲነገር ወሬው ሁሉ ስለ አንበሳውና ስለ ዝሆኑ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው መንገደኛው ከቤቱ ሳይወጣ ሊጨርሰው ስለሚገባው ጉዳይ ነው፤ ከደረሱ በኋላ የማይታረሙ ስሕተቶች አሉና።

ከማውቀው አንድ ገጠመኝ ልጀምር። በአሜሪካ የሚኖሩ አንዲት እናት ሰባኛ ዓመታቸውን ሲይዙ ልጆቻቸው ሴሬንጌቲን ሊያሳዩአቸው አሰቡ። በመንገዳቸው አዲስ አበባ ገብተው ከዘመድ ጋር ሦስት ሳምንት ሰነበቱ። ታንዛንያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች የሚመጣን መንገደኛ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያና ኬንያም ከእነዚሁ አገሮች ይቆጠራሉ። ቤተሰቡ “እኛ የምንመጣው ከአሜሪካ ነው” በሚል እምነት ነገሩን ችላ ብሎት ነበር። የሚታየው ግን ፓስፖርቱ ሳይሆን መንገደኛው ያለፈበት አገር ነው፤ በአየር ማረፊያ ከ12 ሰዓት በላይ መቆየት እንኳ ይቆጠራል። ይህን የተረዱት በረራው አራት ቀን ሲቀረው ነው። ካርዱ ደግሞ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ልጆቹ ለሥራ ጉዳይ አስቀድመው ተከትበው ኖሮ፣ የተከፈለው ገንዘብም የማይመለስ ስለነበረ፣ ያለ እናታቸው ሄዱ።

ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ሰዎች ይህን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስዱ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመድረሱ ዕድል ከወጣቶቹ ይልቅ ከፍ ስለሚል፣ ሐኪም ማማከር ግድ ነው። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ግን ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ካርዱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። በቋንቋችን “ወባ” እና “ቢጫ ወባ” በስም ስለሚዛመዱ አንዱ መከላከያ ለሁለቱም የሚበቃ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ለወባው በሐኪም የሚታዘዝ ክኒን ለብቻው ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ወሩ ነው። ብዙዎች ሎጁን መርጠው፣ ዋጋውን ተከራክረው፣ ወሩን በመጨረሻ ይወስናሉ፤ አካሄዱ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው የዊልደቢስት መንጋ ከሜዳ አህዮች ጋር ዝናብንና ለምለም ሣርን ተከትሎ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። በጥር መጨረሻና በየካቲት በደቡብ ሴሬንጌቲ፣ በንዱቱ አካባቢ ይወልዳል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ደግሞ በሰሜን በኩል አዞ የሞላበትን የማራ ወንዝ ይሻገራል። እንግዲህ በየካቲት ወደ ማሳይ ማራ ሄዶ “መንጋው የታለ?” የሚል ሰው መሪውን ሊወቅስ አይገባም። የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦት ረጅም ዝናብ መንገዱን ያጨቀያል፤ በአንጻሩ ዋጋው ይቀንሳል፣ የጎብኚውም ብዛት ይሳሳል። ጊዜ ያለውና ጭቃ የማይፈራ ሰው ቢሞክረው አልከፋም።

በካርታ ላይ ማራና ሴሬንጌቲ አንድ ሜዳ ናቸው፤ እንስሳቱም ድንበር አያውቁም። ጎብኚው ግን በሁለቱ መካከል በቀጥታ ማለፍ አይችልም። ታንዛንያ በ1977 እ.ኤ.አ. ድንበሯን ከዘጋች ወዲህ በዚያ በኩል ያለው በር ለቱሪስት አልተከፈተም። በኢሴባንያ ወይም በናማንጋ ዞሮ፣ መኪና ለውጦ መግባት ያሻል። ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን የሚያካትተው የጋራ የቱሪስት ቪዛም ለታንዛንያ አይሠራም። ሁለቱንም በአምስት ቀን አያለሁ የሚል ሰው የዕረፍቱን ሲሶ በመንገድ ያሳልፋል፤ አንዱን መርጦ መቆየት ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ስለ ጓዝ አላበዛም። በትናንሽ አውሮፕላኖች የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ነው፤ እርሱም በለስላሳ የጨርቅ ሻንጣ። ፌስታል በሁለቱም አገሮች የተከለከለ ነው። የንጎሮንጎሮ አፋፍ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ስለሆነ ሌሊቱ እንደ ደጋችን ይበርዳል፤ ጋቢ የያዘ አይቆጭም።

አንድ ነገር ግን ለእኛ ይቀለናል። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓትን የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። ሹፌሩ በስዋሂሊ “ጠዋት በ12 ሰዓት እንነሣለን” ቢላችሁ የእናንተው 12 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ከተናገረ ወይም በትኬት ላይ ከተጻፈ ግን የፈረንጁ ስለሆነ፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁት።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።