ፄዋ፤ ከምርኮ ተመልሶ ወደ ጦሩ ለመግባት ስለሚለምን ወታደር (በዓለም ከተማ የተነገረ ዲስኩር)



ከጀማና ከወንጪት ሸለቆዎች በላይ በተቀመጠው በመርሐ ቤቴ ዘማች ያልወጣበት ቤት ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፥ የማነሣውን ጉዳይ ከእኔ ይልቅ እናንተ እንደምታውቁት አምናለሁ፤ ይኸውም ተማርኮ፥ ዓመታት ታስሮ፥ ተፈትቶ የገባ ወታደር «ወደ ክፍሌ መልሱኝ» ብሎ ሲለምን ምን ልንመልስለት ይገባናል የሚለው ነው።

አስቀድሜ ከቃሉ ልነሣ። በግእዝ ፄዋ ማለት ምርኮ፥ ምርኮኛም ማለት ነው፤ ነገሥታቱ ግን፥ ይልቁንም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ በየአገሩ ያሰፈሯቸው ጭፍሮች በዚሁ ስም ጨዋ ተብለው ተጠሩ፤ ስሙ የተላለፈውም ምርኮኞች በንጉሡ ሠራዊት ይገቡ ስለነበር ነው የሚሉ የታሪክ ሊቃውንት አሉ። ቃሉ ውሎ አድሮ መልካም አስተዳደግ ላለው ሰው ሁሉ መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ ልጃችንን «ጨዋ ሁን» ብለን ስንመክር፥ ሳናውቀው ምርኮኛውንና ወታደሩን በአንድ ስም እንጠራለን፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር፥ ከምርኮ የተመለሰውን በጥርጣሬ ማየታችን ያሳዝነኛል።

በሐምሌ 1969 የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ሠራዊት ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ገበሬ ከመደበኛው ወታደር ጎን ተሰልፎ ተዋጋ፤ ጦርነቱ በ1970 በኢትዮጵያ ድል ሲፈጸም ግን የተማረኩት በሶማሊያ እስር ቤት ቀሩ። ሁለቱ መንግሥታት የተስማሙት በመጋቢት 1980 ነበር፤ በዚያው ወር በኤርትራ የምትገኘው አፍአበት በአማፂያን በመያዟ በምሥራቅ የነበረው ጦር ለሰሜን ተፈልጎ ነበርና። በነሐሴ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ3,500 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው መለሰ። በሃያ ዓመቱ ወጥቶ በሠላሳ ዓመቱ የተመለሰ ሰው፥ ምናልባት ተዝካሩ ወጥቶ፥ ሚስቱ ሌላ አግብታ፥ መሬቱ ለሌላ ተሰጥቶ ቢያገኝ፥ የእኔ ነው የሚለው የወታደርነት ስሙ ብቻ አይሆንምን? መሣሪያ መጠየቁን ደም እንደ መጠማት የሚቈጥር ሰው እጅግ ይሳሳታል፤ ሰውዬው የሚለምነው እንዲታመን ነው። ዝነኛው የኤፍ-5 አብራሪ ለገሠ ተፈራ ከአሥር ዓመት በላይ በሶማሊያ ታስረው ሲመለሱ ተሸልመው ኋላም ብርጋዴር ጄኔራል ለመሆን በቅተዋል፤ ስሙ የማይታወቀው እግረኛ ግን እንደዚህ ያለ አቀባበል አላገኘም።

ሕጉስ ምን ይላል? በነሐሴ 1941 የተፈረመውና ኢትዮጵያ በ1962 ያጸደቀችው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት፥ በቁጥር 117፥ ጦርነቱ ሳያልቅ በሕመም ወይም በቁስል ምክንያት የተመለሰ ምርኮኛ ዳግመኛ በውጊያ አገልግሎት እንዳይሰማራ ይከለክላል። ጦርነቱ ቆሞ በቁጥር 118 መሠረት የተፈታውን ግን እንዲህ ያለ ክልከላ አይዘውም። ስለዚህ ጤንነቱ ተመርምሮ፥ ማዕረጉና ያልተከፈለው ደመወዙ ተመልሶለት፥ ከዚያ በኋላ መዝመትን ወይም ማረፍን እርሱ ራሱ ይምረጥ እላለሁ፤ የታማኝነት ምርመራ ከእንጀራው አስቀድሞ ሊቀርብለት አይገባም።

ይህን ስል ምርጫው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ዘንግቼ አይደለም። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በደርግ ዘመን በኤርትራ ተማርከው ለዓመታት ከታሰሩ በኋላ ተፈትተው ወደ አየር ኃይሉ ተመለሱ፤ በግንቦት 1990 መጨረሻ፥ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በተጀመረበት ወር፥ አውሮፕላናቸው በአሥመራ ላይ ተመታና ለሁለተኛ ጊዜ ተማረኩ። የምርኮን መራራነት በመጽሐፍ ሳይሆን በሥጋቸው የሚያውቁ ሰው እንደገና ወደዚያ ሰማይ መውጣታቸውን ሳስብ፥ ለእንዲህ ያለው አገልግሎት የተመደበ ደመወዝ ይበቃል ለማለት ድፍረት አጣለሁ። ይህን ጦርነት የቋጨው የአልጀርሱ ስምምነት በታኅሣሥ 1993 ተፈረመ፤ በነሐሴ 1994 ኤርትራ 279 ኢትዮጵያውያንን፥ በኅዳር 1995 ኢትዮጵያ ከ1,000 የሚበልጡ ኤርትራውያንን ለቀቁ። ኢትዮጵያ መልቀቁን ያዘገየችው የኮሎኔሉና የሌሎች የጠፉ ወታደሮች ነገር ይገለጽ ብላ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከተመላሾቹ መካከል አልነበሩም።

በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ስለ ምርኮኞች እንድንጸልይ ሲያዝዝ፥ እኔ እስከ ዛሬ እኚህን ሰው በስማቸው አስባለሁ።