አዲስ መሪ «እኛ» ሲል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ አባቶቻችን። ዛሬ በአጭሩ ልናስረዳችሁ የምንሻው መሪዎች ሥልጣን በሚረከቡበት ቀን ስለሚያደርጉት ንግግር፣ ይልቁንም «እኛ» ስለምትለው ትንሽ ቃል ነው።

አዲስ መሪ በዚያ ቀን ከባድ ሥራ ይጠብቀዋል። ትናንት የአንድ ወገን ሰው ነበር፤ ዛሬ ግን ያልመረጡትም ሊሰሙት ከፊቱ ቆመዋል። «እኔ አሸነፍሁ» ቢል ቂም ያበቅላል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 4 ቀን 1865 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አራት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ድሉ ለወገናቸው ቢቀርብም አልፎከሩም። ሁለቱም ወገኖች አንድ መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚያነቡ፣ ወደ አንድ አምላክም እንደሚጸልዩ አሳሰቡ። የጦርነቱ መንሥኤ ባርነት መሆኑን ግን አልሸሸጉም፤ የበደሉንም ዕዳ በደቡብ ብቻ ሳይሆን በሰሜንም ላይ ጣሉት። በመጨረሻም የአገሪቱን ቁስል ለማሰር፣ የሞተውንም ወታደር መበለትና ልጅ ለመርዳት ሁሉን በአንድነት ጠሩ። ይህን ሁሉ የተናገሩት ሰባት መቶ በሚያህሉ ቃላት ብቻ ነው።

በ1994 ዓ.ም. ሜይ 10 ቀን ደግሞ ኔልሰን ማንዴላ በፕሪቶሪያ ተናገሩ። ሃያ ሰባት ዓመት የታሰሩት እኒህ ሰው «እኛ» ሲሉ ጥቁሩንም ነጩንም አስገቡ። ለለውጡ ከረዱትም መካከል የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ዴ ክለርክን በስም ጠሩ። ያለፈውን ጭቆና ግን አልሸፈኑም፤ ዳግመኛ እንዳይመለስ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ደጋገሙ።

ታዲያ «እኛ» ያለ ሁሉ እውነተኛ ነውን? አይደለም። ባለፈው ዓመት የመኝታ ቤት አለቃ ስንመርጥ፣ የተመረጠው ልጅ «እኛ፣ እኛ» እያለ አማረልን። ከዚያ በኋላ ግን ውሃ የመቅዳቱ ተራ ዘወትር ላልመረጡት ደረሰ። እኛም ከመረጡት ወገን ነበርንና ዝም አልን። ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ነገ መሪ ሲናገር ስንሰማ በ«እኛ» ውስጥ ማን እንደ ገባ፣ ማንስ በደጅ እንደ ቀረ እንጠይቅ። በውስጡ ካለንም በደጅ ስለ ቀረው እንናገር። ተራው ደርሶን እኛ ራሳችን ብንመረጥ ደግሞ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን አንርሳ።