የበጋው ወራት የማለዳ ሰልፍ

እርሷ፦ ወንድሜ ሆይ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በሚጸናበት በደጋው አገር፣ የአንደኛ ክፍል ሕፃናት እጃቸውን በሹራባቸው እጅጌ ሸሽገው በሰንደቅ ዓላማው ፊት ቆመው ሳሉ ረጅም ዲስኩር መደርደር ለአእምሮአቸውም ለሥጋቸውም የሚበጅ አይመስለኝም።

እርሱ፦ እውነት ነው፣ እህቴ። ስለዚህ መምህራን ለእያንዳንዱ ማለዳ አንድ ርእሰ ነገር ብቻ ቢመርጡ እወዳለሁ። ለምሳሌ ኅዳር 12 ቀን፣ በ1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ነፍስ የቀጠፈው የኅዳር በሽታ ምን እንደ ነበረ፣ ሕዝቡም በዚያ ዕለት ጥራጊ ሰብስቦ የማቃጠልን ልማድ ከምን የተነሣ እንደ ያዘ ተነግሯቸው፣ ወዲያው ቅጥር ግቢያቸውን ቢያጸዱ፣ ታሪኩና የጤና ትምህርቱ ባንድነት ይገባቸዋል። ማቃጠሉ ግን ይቅር፤ ጢሱ ለሳንባ ጠንቅ ነው።

እርሷ፦ የካቲት ሲገባስ? ከዐድዋ ድል በዓል አስቀድሞ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ወታደሮች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያወረዱት እልቂት ይታወስ። ለታናናሾቹ የደሙን ነገር ሳያበዙ የስድስት ኪሎው ሐውልት ለምን እንደ ቆመ ማስረዳት ይበቃል፤ ለታላላቆቹ በዚያ ዕለት በፋሺስቱ እንደራሴ ላይ ቦምብ የወረወሩት የአብርሃ ደቦጭና የሞገስ አስገዶም ሥራ በዝርዝር ይነገር።

እርሱ፦ የዐድዋ ድል የሚከበርበትን የካቲት 23ን ግን ተማሪዎቹ ራሳቸው አጥንተው ይናገሩት። የተከበራችሁ ርእሳነ መምህራን፣ በዚያች ማለዳ የድምፅ ማጉያውን ለልጆቹ ልቀቁላቸው።